«ስላላመመኝ ነው የቆየሁት»፦ ስለ ጡት ካንሰር እንነጋገር፣ ጎጃሞች

ሲስተር ቢቸና (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዛሬ የወሊድ ነገር ይዤ አልመጣሁም። ጡት ላይ ስለሚወጣ እብጠት እንድንነጋገር ነው።

ዘግይተው የሚመጡ እናቶችን «ምነው እስካሁን?» ስላቸው የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፤ «ስላላመመኝ ነው የቆየሁት።» ይቺ መልስ ሆዴን ትበላዋለች። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምምማ! ጠጠር ያለ እብጠት ነው። ካልዳሰሱት መኖሩም አይታወቅ። ሴትየዋ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ታርማለች፣ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች። ያመማት ቀን፣ ቆዳው የቆሰለ ቀን ወይም ብብቷ ሥር ያበጠ ቀን ግን በሽታው ብዙ መንገድ ሄዷል።

ቁጥሩንም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670,000 ሞተውበታል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. የ2020 ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ16,000 በላይ ሴቶች እንደሚያዙና 9,000 ያህሉ እንደሚሞቱ ያሳያል። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ንጽጽር ነው። በበለጸጉት አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በዕድሜ ዘመኗ ትያዛለች፤ ከ71 አንዷ ትሞትበታለች። ኑሮ ዝቅ ባለባቸው አገሮች የምትያዘው ከ27 አንዷ ናት፤ የምትሞተው ግን ከ48 አንዷ። አያችሁት? እኛ ዘንድ የሚያዘው ያንሳል፣ የሚሞተው ይበዛል። በሽታው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ዘግይቶ ከመታወቅና ተገቢውን ሕክምና ካለማግኘት ነው።

እስቲ ያያችሁትን፣ የደረሰባችሁን ጻፉ። እብጠቱ ከተዳሰሰበት ቀን አንስቶ ሆስፒታል እስኪደረስ ድረስ እኛን የሚይዘን ምንድነው?

የሞጣዋ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ታክሜ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ባደርገው አትዘኑብኝ።

ልጄን እያጠባሁ ነበር። ቀኝ ጡቴ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰስኩ። ጎረቤቴ «ወተት ቋጥሮብሽ ነው» አለችኝ። ሌላዋ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩና የኢንፌክሽን ክኒን ተሰጠኝ። ጨረስኩት፤ እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። «ቀላል ነው፣ አሁኑኑ እናወጣልሻለን» አሉኝ። አደንዝዘው አወጡት፣ ሰፉት፣ ከፍዬ ወጣሁ። የወጣው እብጠት የት ገባ? ተጣለ። «ይመርመር» ያለ ሰው የለም። እኔስ እንደሚመረመር ማን ነግሮኝ!

ወራት አልፈው ከስፌቱ ሥር ተመልሶ መጣ። ሪፈር ተጽፎልኝ ትልቁ ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ገና ከመቀመጤ «የበፊቱ የፓቶሎጂ ውጤት የታለ?» አለኝ። የወጣው እብጠት ላቦራቶሪ ተመርምሮ የሚጻፈውን ማለቱ ነው። ምን ልስጠው? ባዶ እጄን ነበርኩ። ጊዜ የበላብኝ ይሄ ነው።

እህቶቼ፣ ይቺን ያዙልኝ። ከሰውነታችሁ ተቆርጦ የወጣ እብጠት ሁሉ ፎርማሊን (እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ያለበት ዕቃ ውስጥ ገብቶ፣ ስማችሁ ተለጥፎበት፣ ወደ ፓቶሎጂ መላክ አለበት። «የት ተላከ? ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢቆጧችሁም ጠይቁ።

ኬሞው፣ ካንሰሩን የሚገድለው መድኃኒት ማለት ነው፣ የእኔ በየ21 ቀኑ ነበር። አንደኛው መድኃኒት ቀይ ስለሆነ እኛ ታማሚዎቹ «ቀዩ» ነው የምንለው። በገባልኝ ቀን ሽንቴ ቀይ ሆነ። ደም መስሎኝ ክው አልኩ። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። አሁን አዲስ ለምትጀምር ሁሉ ቀድሜ የምነግረው ይሄንኑ ነው። ፀጉሬም ረገፈ። እኛ አገር ራሷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናትና መንገድ ላይ «ማን ሞቶብሽ ነው?» እያሉ የሚያጽናኑኝ ነበሩ። ፀጉሩ በኋላ በቅሏል።

አንድ ጡቴን አስወጥቻለሁ። ልጆቼን እያሳደግሁ ነው። ክኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ።

ዳሞት

እትዬ፣ እንኳን ተረፍሽልን። እኔም ጭንቅ ይዞኝ ነው የገባሁት።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ ለእህቴ ብቻ ነው የነገረቻት። ለእኔ አትነግረኝም፤ ወንድ ልጅ ነኝ። እንዳወቅሁ አላወቀችም። አሁን ሰከላ ግሽ ዓባይ ጠበል ልትገባ ስንቅ እያዘጋጀች ነው። ሆስፒታል የሚል ቃል ከተነሣ «ቢላ ከነካው ይበተናል፣ እነ እገሌ ተቀደው ነው የሞቱት» ትላለች። በእምነቷ ልመጣባት አልፈልግም። ዝም ብዬ ልያትም አልችልም። ምን ላድርግ?

ቀሲስ ዘደብረ ወርቅ

ልጄ ዳሞት፣ እናትህን ከጠበል አትከልክላት። ከሐኪምም አታስቀራት። ሁለቱን የሚያጣላ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የለም። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ስንት ሰው ክኒኑን ጥሎ ተጎዳ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለዚህም ይሠራል። መጽሐፈ ሲራክም «ባለ መድኃኒትን አክብረው» ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል።

አንድ ምክር ልስጥህ። አንተ አትንገራት። የንስሐ አባቷን ሄደህ ለብቻ አናግራቸው። እሳቸው «ልጄ፣ ሆስፒታል ደርሰሽ ነይና ጠበሉን እኔው አስገባሻለሁ» ቢሏት ቃላቸውን አትጥልም። እኔ ራሴ ለንስሐ ልጆቼ እንዲህ ነው የምላቸው። አንድ ነገር ግን ጨክኜ እናገራለሁ። እብጠት ላይ ቅጠል የሚያስሩ፣ የሚተኩሱ፣ የሚበጡ ሰዎች አሉ። ከጠበል ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። ቁስል አድርገው ይመልሷታል።

ዶክተር ጣና ዳር

ቀሲስ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እንደ እርስዎ ያለ አባት በየደብሩ ቢኖር የእኛ ሥራ ግማሹ ያልቅ ነበር።

ዳሞት፣ «ቢላ ከነካው ይበተናል» የሚለውን እኔም በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። እናትህ ያየችው እውነት ነው፤ ተቀደው የሞቱ አሉ። ግን ቀደም ብሎ የተሰራጨባቸው ናቸው። ዘግይተው መጡ፣ ተቀደዱ፣ ሞቱ። ሰፈሩ የሚያስታውሰው መቀደዳቸውን ብቻ ነው። በመርፌ ናሙና መውሰድም በሽታውን አያሰራጨውም።

ሰው የሚፈራው ስለማያውቀው ስለሆነ ምርመራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሐኪም ሁለቱንም ጡትና ሁለቱንም ብብት ይዳስሳል። ቀጥሎ አልትራሳውንድ ይታያል። ከዚያ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ ይሄዳል። ሦስቱ ካልተስማሙ ይደገማል። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ግን በእጅ ዳስሶ ብቻ «አይዞሽ ምንም አይደለም» ብሎ መሸኘት ጥፋት ነው። በተለይ ለምታጠባ እናት። የጡት ኢንፌክሽን ክኒኑ ካለቀ በኋላ በአንድ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ሌላ ክኒን አይደለም የሚያስፈልጋት። ናሙና ነው። የሞጣዋ እህታችን ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ምርመራ አለ፤ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ነው ወይ የሚለው። በአገራችን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሴቶች ላይ አዎ ነው መልሱ። ለእነሱ ታሞክሲፈን የምትባል ክኒን አለች። በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶቹ እስከ 10 ዓመት ትወሰዳለች። በትክክል ለ5 ዓመት የወሰዱ ሴቶች በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ከሌሎቹ ሕክምናዎች ጋር ስትነጻጸር ርካሽ ናት፣ በቤት ትወሰዳለች፣ ፀጉር አትጨርስም። የምናጣቸው ግን «ዳንኩ እኮ» ብለው ሲያቆሟት ነው። እባካችሁ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቁሙ።

በኬሞ ላይ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። ነጭ የደም ሕዋሷ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው።

አባይ ማዶ

ዶክተር፣ ይቅርታና ሁላችሁም «ቶሎ ሂዱ» ነው የምትሉት። በየወረዳው ማሞግራም (የጡት ራጅ ማሽን) ሳይኖር ቶሎ ሂዱ ማለት ምን ይፈይዳል? ፈረንጆቹ ሞቱን የቀነሱት በማሽን ነው። መጀመሪያ መንግሥት ማሽኑን ያምጣ።

ዶክተር ጣና ዳር

ወንድሜ፣ ማሽኑ ይምጣ፣ እኔም እፈልገዋለሁ። ግን ሁለት ነገር እንለይ።

ማሞግራም ዋና ጥቅሙ ገና በእጅ የማይዳሰሰውን ማግኘት ነው። አሜሪካኖች ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ይመክሩታል። እኛ ሆስፒታል የምትመጣው ሴት ግን እብጠቷን በገዛ እጇ ካገኘችው ቆይታለች። ለእሷ አልትራሳውንድና መርፌ ይበቃል። ብዙዎቹ ታማሚዎቻችን ደግሞ ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ በወጣት ሴት ጡት ላይ ማሞግራም በደንብ አያሳይም።

ያለ ማሞግራም ምን ይቻላል ካልክ የሕንዶቹን ልንገርህ። ሙምባይ ውስጥ የታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሰዎች ከ150,000 በላይ ሴቶችን ለ20 ዓመት ተከታተሉ። ለግማሾቹ ሐኪም ያልሆኑ፣ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡታቸውን በእጅ ይዳስሱላቸው ነበር። ማሽን የለም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ ይገኝ ጀመር። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ሞቱ 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች በሆኑት ላይ ግን በሞት ረገድ ልዩነት አልታየም፤ ይህንንም መደበቅ የለብኝም። እኛ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። እጃቸውን ብናሠለጥነው ማለቴ ነው።

አባይ ማዶ

ይሄንን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ማሽኑም ይምጣ፣ እጁም ይሠልጥን።

ኤክስቴንሽኗ

ስሜ ሲጠራ ሰማሁና ገባሁ። ደምበጫ አካባቢ ነኝ።

ዶክተር፣ ሥልጠናው ቢመጣ በደስታ ነው። ግን ቦታው ነው የሚቸግረን። ጤና ኬላችን ክፍሉ አንድ ነው። ልጅ ልታስከትብ የመጣች እናት ሌሎቹ ፊት ልብሷን አታወልቅም። እኔ የማደርገው ቤቷ ሄጄ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ወንዶቹ ወጥተው፣ ወሬው ከተጀመረ በኋላ። ገና «ጡት» ስል ይሳቃል። ቀጥሎ ዝም ይባላል። ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ «እኔ እኮ እዚህ ጋ...» ትላለች። ሁልጊዜ አለች አንዷ።

የምነግራቸውን ልጻፈው፤ የተሳሳተ ካለ አርሙኝ። አዲስ እብጠት ወይም ጠጠር። ብብት ሥር እብጠት። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ሲል ወይም ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ። ጫፉ አዲስ ወደ ውስጥ ሲገባ። ሳይነኩት ፈሳሽ፣ በተለይ ደም ሲወጣው። ጫፉ ዙሪያ የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት። አንዱ ጡት ቅርፁ ሲለወጥ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ጤና ጣቢያ ነው።

የወር አበባ የሚያዩት ካበቃ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ያቆሙት ደግሞ በየወሩ በ21፣ በማርያም ቀን ራሳቸውን እንዲዳስሱ እላለሁ። ቀኑን የሚረሳው የለም። ልክ ነኝ?

ዶክተር ጣና ዳር

ምልክቶቹ ሁሉ ልክ ናቸው። ስለ ወርሃዊው ዳሰሳ ብቻ አንድ ነገር ልበል። ሻንጋይ ውስጥ 266,000 ያህል የፋብሪካ ሴቶች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በሥርዓት እንዲዳስሱ የተማሩትና ያልተማሩት በሞት ቁጥር አልተለያዩም። ስለዚህ ዳሰሳውን እንደ ግዴታ ሕግ አታድርጊባቸው፤ አንድ ወር የረሳችም አትሸበር። የሚፈለገው የጡቷን የዘወትር ሁኔታ እንድታውቀውና ሲለወጥ እንድትመጣ ነው። በማርያም ቀን ይሁን፣ ገላዋን ስትታጠብ ይሁን፣ ለእሷ በተመቻት።

ስሜን አልጽፍም

አንድ የማይነገር ነገር ልናገር። እኛ ቤት አክስቴ በዚህ በሽታ ሞታለች። እስከ መጨረሻው «ጨጓራ ነው» ነው የተባለው። ለምን? ሦስት ያልተዳሩ ሴት ልጆች ነበሯት። «ዘራቸው ነው» ከተባለ ማን ያገባቸዋል? ለዚህ ሲባል ቁስሏን በነጠላ ሸፍና ከጓዳ ሳትወጣ ሞተች። ልጆቿም ሳይመረመሩ አሉ። ቢመረመሩ ወሬ ይሆናላ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በእኛ ቤት ደብቀው ቀበሩት። በጣም ነው የምናደደው።

ሲስተር ቢቸና

የኔ እናት፣ ነፍሷን ይማር። ይህን በመጻፍሽ ብዙ ሰው ነው የምትረጂው።

ስለ «ዘር» ልክ ልኩን እንነጋገር። ከጡት ካንሰር ውስጥ በቀጥታ በዘር የሚተላለፈው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ነው። ከቀረው አብዛኛው ከቤተሰብ ማንም ሳይኖርበት የሚመጣ ነው። እንዲያውም ከሚያዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ ሌላ የሚጠቀስ ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ አንዲት ሴት ታመመች ተብሎ ቤተሰቡን ማግለል ግፍ ነው፣ መሠረትም የለውም።

የአክስትሽ ልጆች ግን እናታቸው ስለሆነች ቀደም ብለው ሐኪም ቢያማክሩ ጥሩ ነው። በተለይ አክስትሽ ገና በወጣትነቷ ታማ ከሆነ ወይም በቤተሰቡ ሌላ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ካለ። የእናታቸው በሽታ ምን እንደነበረ ሐኪሙ ካላወቀ ክትትሉን ከየት ይጀምረዋል? እውነቱን ንገሯቸው። ጨጓራ አትበሏቸው።

ጮቄ

እኔ ደግሞ አንድ ያልገባኝ አለ። መውለድና ማጥባት ይከላከላል ይባላል። የእኛ እናቶች ስድስትም ሰባትም ወልደው፣ ሁሉንም ሁለት ዓመት አጥብተው ነው። ታዲያ ለምን ይያዛሉ?

ሲስተር ቢቸና

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማጥባት ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ከ30 አገሮች የተሰበሰበ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በድምሩ ባጠባችበት በእያንዳንዱ 12 ወር ዕድሉ በ4.3 በመቶ፣ በእያንዳንዱ ወሊድ ደግሞ በ7 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስድስት ወልዳ ሁሉንም ሁለት ዓመት ያጠባች እናት ጥሩ ጥበቃ አላት። ግን ሙሉ ዋስትና የላትም። «እኔ ብዙ ወልጄ አጥብቻለሁ፣ አይነካኝም» ብላ የተቀመጠች እናት አይቻለሁ፤ ነክቷታል።

ከዚህ ሌላ በእጃችን ያለው ጥቂት ነው። አልኮል አንዱ ነው፤ ይቺን ስናገር ገበያ ላይ የሚቆጡኝ ይመስለኛል። አረቄ የምታወጣ ሴት ለመቅመስ እያለች ከጠዋት እስከ ማታ ትጎነጫለች። አልኮል በትንሹም ቢሆን የጡት ካንሰርን ዕድል ይጨምራል፤ በበዛ ቁጥር ይብስበታል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ መወፈርም ይጨምራል። ከተማ ገብተን ከተቀመጥን ወዲህ የመጣ ነገር ነው፤ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ያላችሁ በእግራችሁ ሂዱ። ጡት ማስያዣ፣ ሽቶ፣ ስልክ ደረት ኪስ ውስጥ መያዝ የምትሉት ግን ያመጣዋል የሚል ማስረጃ የለም። በስድብ፣ በቡዳ፣ በመጋኛ አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የታመመችውን ሴት ዕቃ ለይታችሁ የምታስቀምጡ፣ እባካችሁ ተዉ።

ወንዶችም አትሳቁ። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ0.5 እስከ 1 በመቶው ወንዶች ናቸው። ከጡታችሁ ጫፍ ሥር ጠጠር ካለ እናንተም ኑ።

ፍኖተ ሰላም

ሁላችሁም ደግ ተናገራችሁ። ገንዘቡን ግን ማንም አላነሣውም።

ባለቤቴን ሳሳክም የተማርኩትን ልጻፍ። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን መዋጮ በወቅቱ ክፈሉ። ታማችሁ ስትሮጡ «አልታደሰም» ከተባላችሁ በሬው ይሸጣል። መድኑ እንዲሸፍን ደግሞ ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወረቀት ነው የሚኬደው። ዘሎ ትልቁ ሆስፒታል የገባ ከኪሱ ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ወረቀት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ሰው መድኃኒቱን ብቻ ያስባል፤ ለእኛ ቤት የከበደው ማረፊያውና ትራንስፖርቱ ነው። በዚህ ላይ መንገድ ሲዘጋ ዙር ያመልጣል። እኛን ሁለት ጊዜ ገጥሞናል፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ጎጃም ውስጥ ታማሚ ይዞ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ሆስፒታሉ አቅራቢያ ዘመድ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ግቡ።

የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚሰጠው። አሁን እንደ ጅማ ያሉትም ጀምረዋል፤ እኛ ግን አባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ነው የሄድነው። እዚያ ለምትሄዱ፣ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው። ቦታ እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የሞጣዋ

ወንድም ዓለም፣ ባለቤትህን ይዘህ መንከራተትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በታከምኩበት ክፍል ባሎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ነበሩ። «ጡት የላትም» ተብሎ የተፈታች አውቃለሁ። ባሎች ይህን ክር የምታነቡ ከሆነ፣ ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። አጠገቧ ተቀመጡ። ብብት ሥር ያሉት ንፍፊቶች ሲወጡ ክንድ ሊያብጥ ይችላልና እንስራውን እናንተ ተሸከሙ።

ዶክተር ጣና ዳር

እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ልጨምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብ ነው። ከሚገኙት ታማሚዎች ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ እያሉ ይገኙ። ሴትየዋ ጤና ተቋም ከረገጠች በ60 ቀን ውስጥ ምን እንደሆነ ይታወቅላት። ቢያንስ 80 በመቶው ሕክምናቸውን ይጨርሱ። መሃለኛውን እዩት፤ 60 ቀን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የታማሚዋ አይደለም። የእኛ የጤና ባለሙያዎች ነው። ናሙናው ሲዘገይ፣ ውጤቱ መደርደሪያ ላይ ሲቀር፣ «በሚቀጥለው ወር ነይ» ስንል ቀኑ ያልቃል። 60 ቀን ካለፋችሁ ተቆጡን። መብታችሁ ነው።

ዳሞት

ቀሲስ እንዳሉኝ አደረግሁ። የንስሐ አባታችንን አናገርኳቸው፤ ትናንት ማታ ቤት መጡ። ምን እንዳሏት አላውቅም፣ እኔን አስወጥተውኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት እናቴ ራሷ «ሰኞ ውሰደኝ» አለችኝ። ጠበሉን ከዚያ በኋላ ትገባለች። እህቴም አብራን ትሄዳለች።

አሁን ምን ይዤ ልሂድ? ምንስ ልጠይቅ? ሆስፒታል ብዙ አላውቅም።

ዶክተር ጣና ዳር

ጎሽ! መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ሪፈር አጽፉ። የመድኑን መታወቂያና የቀበሌ መታወቂያዋን ያዝ። የምትወስደው የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን አምጣ። እብጠቱን መቼ እንዳየችው፣ የወር አበባዋ መቼ እንዳቆመ፣ በቤተሰብ ማን ታሞ እንደነበር እህትህ ቀድማ ትጠይቃትና በወረቀት ትያዝ። ፊታችን ሲጠየቁ ያፍራሉ።

ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ እንድትኖር መጠየቅ ይቻላል። እህትህ ምርመራ ክፍል አብራት ትግባ፤ አንተ ውጭ ቆይ፣ አይክፋህ። ናሙና ከተወሰደ የፓቶሎጂ ቁጥሩን በስልክህ ፎቶ አንሣው። ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን አጽፍና በዚያ ቀን ራስህ ሂድ፤ እስኪደውሉልህ አትጠብቅ። ካንሰር ካልሆነም ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበል።

ሲስተር ቢቸና

ዳሞት፣ ሰኞ በጠዋት ድረሱ፤ ካርድ ክፍሉ ቶሎ ይሞላል። እናትህ ቁርሷን በልታ ትምጣ፣ ለአልትራሳውንዱም ለመርፌውም መጾም አያስፈልጋትም። ከፊት የሚከፈት ልብስ ትልበስ።